ከስድስት አያልፍም

ጣሰው ማልዶ ተነሥቶ እሳት ማቀጣጠል ከሰለቸው ቆይቷል። ሌላ የሚያውቀው ሥራ ግን አልነበረም። ንፋስ መውጫ ላይ በወይዘሮ ፈትለወርቅ ወፍጮ ቤት፣ አገሩ ገና ሳይነቃ አመዱን ይጠርጋል፣ ምድጃውን በባሕር ዛፍ ፍልጥ ይሞላል፣ ውሃው ፈልቶ ግፊቱ እስኪነሣ ድረስም ጋቢውን ተከናንቦ ከግድግዳው ሥር ይኮራመታል። ፊቱን እሳት ይጠብሰዋል፣ ጀርባውን ብርድ ይበላዋል። ጉልበቱ ከሁለቱም የማይሆን ሆኗል።

ሰዉ የእንፋሎቱን ብረት «ጋኑ» ይለዋል። ቦይለር የሚለው ጣሰው ብቻ ነው፤ ስሙን የለመደው ቆላ ወርዶ በስኳር ፋብሪካ እሳት ሲያነድ ነው። ይሄኛው ጣልያን የወጣ ጊዜ እንጨት ይሰነጥቅ የነበረ አንድ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ነው። የፈትለወርቅ ባል ባላምባራስ ማሩ ገዝተው፣ በብዙ ጥማድ በሬ አስጎትተው ከደብረ ታቦር አመጡት። መንኰራኩሮቹ መንገድ ላይ ስለተሰበሩ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት አስቆፍረው ከጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጡት። በዚህ ምክንያት የምድጃው አፍ ከታች ነው። ከላይ ከዳገቱ የቆመ ሰው ግን የቦይለሩን ጀርባ በእጁ ይደርስበታል።

በዚያ ጀርባ ላይ አንድ ረጅም የብረት ክንድ ተጋድሟል። ከሥሩ የእንፋሎት መተንፈሻ ክዳን አለ፣ ወደ ጫፉ ደግሞ ክብደት ተንጠልጥሎበታል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እንፋሎቱ ክዳኑን ገፍቶ፣ ክንዱን አንሥቶ፣ እያፏጨ ይወጣል። ክብደቱ ወደ ጫፍ ከተገፋ ክዳኑ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ወደ ሥር ከተሳበ ቶሎ ይከፈታል። ሠሪዎቹ የግፊቱን ልክ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ዐሥር ብለው ቀርጸዋል። ጣሰው ግን የቦይለሩን ሆድ ያውቀዋል። በውስጡ ከሚያልፉት የእሳት ቧንቧዎች አንዳንዶቹ ተበልተው በብረት ውታፍ ደፍኗቸዋል፣ የቀሩትም ሳስተዋል። ስለዚህ ክብደቱን ስቦ በስድስት ላይ በሽቦ አሰረው። በስድስት አንድ ወፍጮ ይፈጫል። ሁለተኛው ድንጋይ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ነበር።

ባላምባራስ ማሩ ከሞቱ ዓመት ሊሆን ነው። ወይዘሮ ፈትለወርቅ የሙት ዓመታቸውን ተዝካር ዓቢይ ጾም ሳይገባ ማውጣት አለባቸው። የቤተ ልሔም ካህናትና ሊቃውንት ተጠርተዋል፣ ከታች ጋይንትም ከስማዳም ዘመድ ይመጣል። የተዝካሩ ገብስና ስንዴ ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ሊደርስ ተቆልሏል። በዚያ ላይ የአገሩ ሴት ሁሉ ለቅበላ ልታስፈጭ ትመጣለች። በአንድ ወፍጮ የሚደርስ ነገር አይደለም።

እናም ሴትዮዋ ጣሰውን አስጠሩትና ሁለቱም ድንጋይ እንዲዞር አዘዙ። እሱ አይሆንም አለ። ባላምባራስ በሕይወት ሳሉ በስምንት ይሠራ እንደነበር አስታወሱት።

«ያን ጊዜ ባላምባራስም ደኅና ነበሩ፣ ቦይለሩም ደኅና ነበር» አላቸው።

ፈትለወርቅ ቀና ብለው አዩት። ሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ በዱላ ያስወጡት ነበር። ጣሰው ግን ለቀልድ አልተናገረውም፤ ፊቱም ያው የወትሮው የደከመ ፊት ነው።

«ቆላ እያለህ በሃያ አነድ ነበር ትል የለም እንዴ? ሃያን የማይፈራ ሰው ስምንትን ምን አስፈራው?»

«እመቤቴ፣ ያኛው ሌላ ነው። ያኛው ውሃው በቧንቧ ይሄዳል፣ እሳቱ ከውጭ ይልሰዋል። ቧንቧው ቢፈነዳ እሳቱን ያጠፋል፣ ፊቱ የቆመውን ሰው ይልጣል፣ በዚያው ያበቃል። ይሄ ተገላቢጦሽ ነው። እሳቱ በቧንቧ ይሄዳል፣ ውሃው ዙሪያውን ተኝቷል። ስድስት ነው ተብሎ አይናቅም። ሆዱ ሙሉ የፈላ ውሃ ነው። ይሄ የሄደ ዕለት ወፍጮ ቤቱን ይዞ ነው የሚሄድ።»

ሴትዮዋ እስከ ገበያው ቀን አስብበት አሉት። እምቢ ካለ እሳቱን ለወፍጮው ሰው ለአያሌው ይሰጣሉ። አያሌው ድንጋይ በመውቀር የታወቀ፣ ጉልበት የሞላው፣ የማይፈራ ሰው ነው። ክብደቱን እስከ ጫፍ ገፍቼ በአንድ ሳምንት ክምሩን እጨርሰዋለሁ እያለ በየጠላ ቤቱ ሲያወራ ከርሟል። ጣሰው ይህን ሰምቷል። ከሥራው ቢወጣ ደስታው ነው፤ መቀመጥ ይፈልጋል። ግን እሳቱ በአያሌው እጅ ገብቶ፣ ክብደቱ ተገፍቶ፣ ያ ሁሉ ሴት በዚያ ዳገት ላይ ቆሞ ይታየዋል። ስለዚህ አልወጣም። አሰብኩበት ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገረውም አዲስ ነገር አልነበረውም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሴቶቹ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ገና ጎሕ ሲቀድ ደረሱ። ንፋሱ ያንገበግባል። ወፍጮ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የሚበዙት ወደ ዳገቱ ወጥተው የቦይለሩን ጀርባ ተጠግተው ይሞቃሉ። ጣሰው ይህን ከልክሎ ከልክሎ ታክቶት ትቶታል። ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ከሙቀት ማባረር ከበደው።

ተራቸውን የሚይዙት በድንጋይ ነበር። የመጣች ሁሉ አንዲት ድንጋይ አንሥታ ከፊተኛይቱ ኋላ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ብትቀመጥም ገበያ ደርሳ ብትመለስም ተራዋ ተራዋ ነው። በዚያን ቀን ግን ወደ ገበያ የሚነዳ የበግ መንጋ በመካከሉ አለፈና ድንጋዮቹን በታተነው። የእኔ ከፊት ነበር፣ የለም የእኔ ነበር ተባለ። ከእስቴ የመጣችው አልጣሽ፣ ምላሷ የተፈራ ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ ጭቅጭቁን ጥቂት ሰማችና ሰለቻት። ቀልቀሎዋን አንሥታ ከቦይለሩ ጀርባ በተጋደመው የብረት ክንድ ላይ ሰቀለች።

«በግ እዚህ አይወጣም» አለች። «እኔ አንደኛ ነኝ። ቀጥይ አንቺ።»

ከብረቱ ሥር ጀምሮ ወደ ጫፍ ቀልቀሎው፣ አቁማዳው፣ በነጠላ የተቋጠረው ሁሉ በየተራው ተሰቀለ። የአንዷ ባዶ ነው። የሌላዋ ግን ከገበያ የገዛችውን ጨው ይዟል። ተራው ተስተካከለ፣ ጭቅጭቁም በረደ። እንዲህ ያለ የሠመረ ተራ በዚያ ወፍጮ ቤት ታይቶ አያውቅም።

ጣሰው ከታች እሳቱን ሞልቶ ቁጭ ብሏል። ክርክሩ ሲበርድ ሰማና እፎይ አለ። ዓይኑ ከበደው። የግፊት መለኪያው ከፊቱ ነው፤ ቀስቱ ስድስት ላይ ቆሟል። ያ ቀስት እየተጣበቀ የሚያስቸግር ስለሆነ በየጊዜው በጣት መንካት ይፈልጋል። እሱ ግን ጉልበቱን መዘርጋት ስላልፈለገ ከማለዳ ጀምሮ አልነካውም። አንቀላፋ።

ያነቃው ድምፅ አይደለም። ጸጥታው ነው። እሳቱ እንዲህ እየነደደ፣ አንድ ድንጋይ ብቻ እየዞረ፣ መተንፈሻው እስካሁን ማፏጨት ነበረበት። አላፏጨም። ጣሰው ዐይኑን ገልጦ መለኪያውን አየ። ስድስት። ተነሥቶ በጣቱ መታ አደረገው። ቀስቱ ዘለለና ዘጠኝን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ።

የውሃ ማሳያውን መስተዋት አየ። ውሃ አለ። ይህን ካየ በኋላ ነው ቀና ብሎ ወደ ላይ የተመለከተው። ቀልቀሎዎቹ በብረቱ ላይ እንደ ዶሮ ተርታቸውን ይዘዋል። ከጎናቸው ሴቶቹ መዳፋቸውን በቦይለሩ ጀርባ ላይ ዘርግተው ያወራሉ። አንዷ ያዘለችውን ሕፃን ወደ ሙቀቱ አዙራዋለች።

መጮህ አልደፈረም። ቢጮህ ይሯሯጣሉ። ሲሯሯጡ ደግሞ ማንም ቀልቀሎዋን ትታ አትሮጥም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መንጭቀው ያነሡታል። ክዳኑም በአንድ ጊዜ ይፈናጠራል። ያን ያህል እንፋሎት በድንገት ሲለቀቅ የሳሱት ቧንቧዎች አይችሉትም፤ ቢችሉት እንኳ ፊታቸው የሚቀቀለው እነሱ ናቸው። የአመዱን በር ዘጋ። እርጥብ አመድ በአካፋ እያነሣ እሳቱ ላይ አለበሰበት። ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤቱ ብቅ ብሎ አያሌውን ጠራና ሁለተኛውንም ድንጋይ እንዲያስነሣ፣ እህል ሳይቆጥብ እንዲጭን ነገረው። የተከማቸውን እንፋሎት ያለ ጉዳት የሚያስወጣው ሥራ ብቻ ነው። አያሌው አፉ እስከ ጆሮው ደረሰ። ድንጋዩን ከእንፋሎቱ ሞተር የሚያገናኘውን ቺንጋ ሲያስገባ፣ ሽማግሌው ዛሬ ልቡ ተመለሰ ሲል ተሰማ።

ጣሰው በዳገቱ በኩል ዞሮ ወጣ። አልጣሽ አጠገብ ደርሶ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እትዬ አልጣሽ፣ ሴቶቹን ይዘሽልኝ ወደ ግድግዳው ማዶ ዞር በይ።»

«ለምን? ሙቀቱም ቀረጥ ይከፈልበታል?»

«ብረቱ ታምሟል።»

«ታሞ ነው እንዲህ የሚያተኩስ? እኛ ከዚህ ብንሄድ ተራችንን ማን ይጠብቃል?»

«እኔ እጠብቃለሁ።»

«አንተማ ስታንቀላፋ አየንህ፣ አያ ጣሰው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ፊቱን አይታ አልጣሽ ሳቋን ቆረጠች። ብዙ ልጅ የቀበረች ሴት ናት፣ የሰው ፊት ታነባለች። ቀልቀሎዋን ልታነሣ እጇን ሰደደች።

«አትንኪው» አላት። «ከመጨረሻው ነው የሚነሣው። አንድ በአንድ። እኔ ነኝ የማነሣው። አንቺ ከማዶ ሆነሽ ስም ጥሪ፣ ተራው እንዳይጠፋ።»

አልጣሽ ሕፃን ያዘለችውን በክንዷ ይዛ ቀደመች። ሌሎቹን ምን ብላ እንዳስነሣቻቸው አልሰማም፤ ብቻ እያጉረመረሙ ሄዱ። ጣሰው ብቻውን ቀረ። ከታች ሁለቱ ድንጋዮች አብረው ሲያጉረመርሙ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። ጥቂት ጠበቀ። መለኪያው ከዚያ ስለማይታየው የሚያውቀው በሞተሩ ድምፅ ነበር። ያ ጠንከር ያለው ምት ላላ ማለት ሲጀምር ከጫፍ ያለውን የጨው ቋጠሮ አነሣ።

ክንዱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ክዳኑ ሥር ቀጭን እንፋሎት ታየ፣ ፉጨቱም ጀመረ።

«ብርነሽ!» ስትል አልጣሽ ከማዶ ጠራች። «የመጨረሻዋ ብርነሽ ናት፣ ማንም እንዳይክድ።»

ቋጠሮውን ከእግሩ ሥር አኖረና ቀጣዩን አነሣ። አልጣሽ ሌላ ስም ጠራች። እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ወደ ሰማይ ቆመ፤ ንፋሱ ሲያዘምመው ክንዱን ከክርኑ በታች ለበለበው። እጁን አልሳበም። ስሞቹ አንድ በአንድ ተጠሩ። የአልጣሽ ቀልቀሎ የመጨረሻው ነበር፤ ቆዳው ከስሩ ጠቁሮ ተኮማትሯል። እሱ ሲነሣ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ጮኸ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፁ ወደ ማፏጨት ወረደ፣ ከዚያ ወደ መተንፈስ። ጣሰው በዚያው በአፈሩ ላይ ተቀመጠ።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ የሁለቱን ድንጋይ ድምፅ ከቤታቸው ሰምተው ነው የመጡት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ገጻቸው ፈክቶ ነበር። ጣሰው የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ማንቀላፋቱንም አልደበቀም። ሴትዮዋ እየሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሲጨርስ ግን የተናገሩት እሱ የጠበቀውን አልነበረም።

«ስለዚህ ዘጠኝን ቻለ» አሉ።

ጣሰው የተለበለበ ክንዱን በጋቢው ሸፈነ።

«ስድስት እያልክ ዓመት አስራብከኝ። እግዜር ሳናስበው አሳየን። ዘጠኝ ደርሶ ምንም አልሆነም። እኔ ስምንት ነው ያልኩህ።»

ጣሰው እንደ ምንም ከአፈሩ ተነሣ። ይከተሉኝ ብሎ ወደ ምድጃው ይዟቸው ወረደ። አያሌውም ቺንጋውን አውልቆ መጣ። ጣሰው አመዱንና የተዳፈነውን ፍም በመጎተቻ እያወጣ ወደ ውጭ አፈሰሰው። የምድጃውን በር ወለል አድርጎ ከፈተና በገዛ ዐይናቸው እንዲያዩ ለቀቀላቸው። ከቧንቧዎቹ አፍ ውሃ ይወርድ ነበር። ከተደፈኑት አይደለም፤ ደኅና ከተባሉት ነው። ከአንዱ በጠብታ፣ ከሌላው በቀጭን ክር፣ የጋለው ጡብ ላይ እየወደቀ ይንጫጫል።

«ችሎታል» አለ ጣሰው። «የቻለው እንዲህ ነው። ሁለተኛ ጊዜ አይጠይቁት።»

ወይዘሮ ፈትለወርቅ የሚወርደውን ውሃ ብዙ አዩ። ከዚያ ወደ አያሌው ዞሩ።

«አንተ ትይዘዋለህ ወይ?»

አያሌው ወደ ላይ፣ ሴቶቹ ቆመውበት ወደነበረው ዳገት ተመለከተ። ሚስቱ ካሣነሽ፣ የጣሰው እኅት፣ ዘወትር በዚያ ቆማ ነው የምታስፈጨው። የፎከረው ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«እኔ የድንጋይ ሰው ነኝ፣ እመቤቴ» አለ።

ነገሩ በዚያ አለቀ። ጣሰው ቧንቧዎቹን ደፍኖ ከፋሲካ በኋላ በአራት ሊያስነሣው እንደሚሞክር ተናገረ፤ አራት ደግሞ አንዱን ድንጋይ እንኳ በግድ ነው የሚያዞረው። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ቢቆጡ ለጣሰው ይቀለው ነበር። ባላቸው በዚያ ብረት ስም ያተረፉ ሰው ነበሩ፣ የተዝካራቸው እህል በእሱ ተፈጭቶ እንዲቀርብ ሚስታቸው አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ክምሩ በእጅ ወፍጮ እንዲፈጭ ለየቤቱ ይከፋፈል ብለው አዘዙ፤ ድሮ፣ ጋኑ ሳይመጣ፣ እንደሚደረገው።

ሴቶቹ የራሳቸውን እህል ሳያስፈጩ፣ በላዩ የተዝካሩን እህል በቁና እየተሰፈረላቸው ተቀበሉ። ለሙት ነውና እምቢ ያለች የለችም። አልጣሽ የተኮማተረውን ቀልቀሎዋን ለጣሰው አሳየችው። ይሄን ማን ይክሰኛል ብላ ጠየቀችና መልሱን ሳትጠብቅ ገብሷን አዝላ መንገድ ጀመረች። እስቴ ድረስ ሩቅ ነው። ሌሎቹም ጎንበስ ብለው ንፋሱን እየተጋፈጡ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ሕፃን ያዘለችው ከፊት ሕፃኑን፣ ከኋላ ስንዴውን ይዛ አለፈች። ጣሰው ቆሞ አያቸው። በሕይወት ሄዱ። ግን ተሸክመው ሄዱ።

ሲመሽ ወደ እኅቱ ቤት ገባ። አያሌው ወጥቷል፤ ዛሬ ጠላ ቤት ዝም ብሎ የሚጠጣበት ቀን ነው። ካሣነሽ ከእጅ ወፍጮው ላይ ተንበርክካ የድርሻዋን ትፈጫለች። መጁን ገፍታ ስትመልስ ወገቧ ሲንቋቋ ይሰማል። ከየጎረቤቱም ያው የእጅ ወፍጮ ድምፅ ይመጣል፤ መንደሩ ሁሉ ያንጎራጉራል። ክንዱን በቅቤ ቀብታ በጨርቅ ጠቀለለችለትና ወደ ድንጋዩ ተመለሰች።

«ብረቱ ደከመው አሉ» አለችው ሳትዞር።

«ደከመው።»

«ለእኛስ መለኪያ አላበጁልንም?»

ጣሰው ጥቂት ተቀመጠ። መቀመጥ ነበር ዓመቱን ሙሉ ሲመኝ የኖረው፤ አሁን ግን አልተስማማውም። ተነሥቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ወንድ እጅ ወፍጮ ላይ ተንበርክኮ ቢታይ እስከ አርብ ገበያ ይወራበታል። ጋቢውን አውልቆ አስቀመጠና ከጎኗ ቆመ። ካሣነሽ ቀና ብላ አየችው። የቀልድ መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታይ መጁን ለቀቀችለት።

ጉልበቱ ሲታጠፍ ተንቋቋ። የተጠቀለለው ክንዱ እየተጠዘጠዘ ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ። ገብሱ ከመጁ ሥር እየሾለከ አመለጠው። ወርቹ እንደተሰበረ በግ ነው የምትገፋው አለችውና መጁን እንዴት እንደሚይዝ፣ ክብደቱን ከክንዱ ሳይሆን ከወገቡ እንዴት እንደሚያመጣ አሳየችው። ዳግመኛ ጀመረ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ከዱቄቱ እንዳይገባ በትከሻው ጠረገው።

ብዙ ከገፋ በኋላ ካሣነሽ ከወረደው ዱቄት በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አሸት አሸት አደረገችው።

«ሻክሯል» አለችና አፍሳ መልሳ ከድንጋዩ ራስ ላይ ጣለችው። «ድገመው።»

ጣሰው ደገመው።